የማይደርቅ ሹራብ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ግን ይህን ተረት አልሰማም። ከወጥ ቤቱ የሚለየው ቀጭን ብሎኬት ነው፤ በዚያ ላይ የውሃ ቧንቧው የሚያልፍበት ቀዳዳ በደንብ ስላልተደፈነ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የተባለ ሁሉ ጥርሱን ለሚቦርሽ ሰው ጥርት ብሎ ይሰማዋል። በዚያ ጠዋት ፕሮፌሰሯ አፏን አረፋ እንደሞላው ቆማ ወንድሟ ለሚስቱ የሚላትን አዳመጠች። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ» ይላል። «እሑድን ሳላውቅ እየሠራሁ ያስተማርኳት እኔ። ምን ሆነችልኝ? የሆቴል መጋረጃና ሥዕል ታጋጥማለች። አሁን ደግሞ ልጄ ይሄንኑ ትድገመው? ለአንድ ቤት አንዷ አትበቃም?» ሚስቱ «ቀስ በል፣ ትሰማሃለች» አለችው። «ትስማ!» አለ፤ ድምፁን ግን ቀነሰ። ፕሮፌሰሯ አረፋውን ሳትተፋ ብዙ ቆየች። የተናገረው ውሸት ቢሆን ኖሮ ወጥታ ትጣላው ነበር። ችግሩ ወንድሟ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ መሆኑ ነው፤ የማያውቀው ግማሽ ደግሞ ከሰማችው የባሰ ነበር።

ፕሮፌሰር እንኳ አይደለችም። በሥነ ጥበብ ታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛ የወጣች፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ሳታገባ በወንድሟ ቤት የምትኖር ሴት ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ራሱ ወንድሟ ነው። የትምህርቱን ስም መጀመሪያ የሰማ ዕለት «ሥዕል ደግሞ ምን ታሪክ አለው? ተሣለ፣ ተሰቀለ፣ አለቀ!» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው፤ ቢሆንም ቃሉን አላጠፈም፣ አስተማራት። እሱ መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ከተማው ውስጥ መሪ ጨብጦ ከሚሄደው ሰው ስንቱ ከጎኑ ተቀምጦ እንደተሰደበ ቆጥሮት አያውቅም። በማስተማሪያው መኪና ውስጥ በእሱ በኩል አንድ ትርፍ ፍሬን አለች፤ እሷን ሲረግጥ ኖሮ ኖሮ እግሩ አመል አወጣ። ቤት ውስጥም ቢሆን፣ አንድ ሰው ብርጭቆ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ወይም ሚስቱ ለጎረቤት የማይባል ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ የወንድሟ ቀኝ እግር ወለሉን ጭምቅ ያደርገዋል። ቤተሰቡ ይስቃል፤ እሱ አይታወቀውም።

ቁርስ ላይ ሻዩን ሲያማስል ቆየ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «ሚጣን ዛሬ ይዘሻት ሂጂ» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። ሚጣ የሚሏት ልጁን ነው፤ ከአባቷ ቁመት በልጣም ስሙ አልለቀቃትም። ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ቀን ዛሬ ማታ ይዘጋል። አባቷ ሒሳብ አያያዝ ይላል፤ እሷ የአክስቴን ትላለች።

«ወዴት ልውሰዳት?»

«ሥራ ቦታሽ ነዋ! እኔ ብመክራት ሾፌር ምን ያውቃል ትለኛለች። አንቺ ግን እንዳለ አሳያት፤ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ። ከዚያ ራሷ ትፍረድ።»

«እሺ ወንድም ጋሼ» አለች። በቧንቧው ቀዳዳ የሰማችውን አልነገረችውም፤ እሱም ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽ የቀላው አላላትም። የወንድሟ ሚስት ለሁለቱም ሳይጠይቋት ሻይ ደገመች። በዚህ ቤት እንዲህ ነው፤ ከባዱ ነገር ሁሉ በሻይ ይታለፋል።

ልብስ ልትቀይር ገባች። ክፍሉን ከሚጣ ጋር ትጋራዋለች፤ ሁለት አልጋ፣ የማይዘጋ ቁም ሣጥን፣ ወደ ጎረቤት ግድግዳ የሚከፈት መስኮት። ከሚጣ አልጋ በላይ ከመጽሐፍ ብዙም የማትበልጥ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅላለች። ሰገነት ላይ የተቀመጠ የእንጨት ወንበር አለ፤ በወንበሩ መደገፊያ ላይ እንዲደርቅ የተሰጣ ቀይ ሹራብ እጅጌዎቹን ወደ ታች ጥሏል፤ በቀኝ በኩል ከፍ ያለ ግድግዳ ቆሟል፤ የጠዋት ፀሐይ ከግራ መጥታ ሹራቡ ላይ ታርፋለች። በቃ፣ ሌላ ምንም የለባትም። ሚጣ ልጅ ሳለች ሹራቡን ሰው አድርጋው ስም አውጥታለት ነበር፤ «ጋሽ ቀዩ»። መብራት ከመጥፋቱ በፊት «ደህና እደር ጋሽ ቀዩ» ካላለች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። አሁን ትልቅ ሰው ሆና እንኳ ፈተና ሲኖርባት ቀና ብላ «ጋሽ ቀዩ፣ አደራህን» ትለዋለች።

ሥዕሏ የተሰጠችው ለፕሮፌሰሯ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፏ ጓደኞቿ ሁሉ ስመ ጥር ሠዓሊ ሲመርጡ፣ እሷ ከሴቶች ትምህርት ቤት የሥዕል አስተማሪነት ጡረታ የወጣች፣ አንድም ቀን ኤግዚቢሽን አቅርባ የማታውቅ፣ ከእህቷ ጋር የምትኖር አንዲት አሮጊት አገኘች። ሠዓሊዋ በሯን ከፈተችላት። ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከእህቷ የልብስ ሻንጣ ሳይቀር እያወጣች የዕድሜዋን ሥራ አሳየቻት። ለምረቃዋ ይህችን ሥዕል በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችላትና «ሰው አይቶኝ አያውቅም ነበር ልጄ፤ አንቺ አየሽኝ» አለቻት። ፕሮፌሰሯ ያን ቀን አለቀሰች። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለቴ ጠየቀቻት፤ ከዚያ ነገ ዛሬ ስትል ዓመታት አለፉ።

ሥራ ያገኘችው ሆቴልና ክሊኒክ ከሚያስውብ ድርጅት ነው። ሥራ አስኪያጁን ሁሉም «ሜትሮ» ይለዋል፤ ሜትር ከኪሱ አይጠፋም፣ ሲያወራም እየሳበ ይለቀዋል። ሜትሮ አንድ ደንብ አለው፤ የሰው ሥዕል ወስደህ ሦስት ነገር ከቀየርክ ሥዕሉ የኛ ነው ይላል። ደንቡን ከየት እንዳመጣው የጠየቀው የለም። ሦስቱን ነገር መርጣ ሥዕሉን ለሚገለብጡት ሠዓሊዎች የምትሰጠው ፕሮፌሰሯ ናት፤ ደመወዟም የዚያ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገለበጡት ከሩቅ አገር ካሌንደር ላይ የተነሡ ሐይቆችና ጫካዎች ስለሆኑ ህሊናዋ ብዙም አይቆረቁራትም ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ግን አንድ አዲስ ሆቴል «ሐይቅ ለታች ይሁን፣ ለመኝታ ፎቆቹ ቤት ቤት የሚል ነገር እንፈልጋለን» አለ። ያቀረበችው ሁሉ ተመለሰባት። ሜትሮ ሜትሩን እየሳበ «ካልቻልሽ የሚችል እንፈልጋለን» ሲላት፣ በማግስቱ ጠዋት ሚጣ ሳትነቃ ጋሽ ቀዩን ከሚስማሩ አወረደችው። ለሚጣ «ፍሬሙ ላልቶ ነው፣ ላስጠግነው ነው» አለቻት። ለራሷ ደግሞ ሠዓሊዋን ማንም አያውቃት፣ እሷም ሆቴል አትገባ፣ ማን ይጎዳል አለች። ውሃ የማያነሳ ምክንያት መሆኑን ያኔውኑ ታውቀዋለች። ሥዕሏ በአዲስ መስታወት፣ ጀርባዋ በቡናማ ወረቀት ታሽጎ ተመለሰች፤ ጀርባዋ ላይ በሠዓሊዋ እጅ የተጻፈው «ለልጄ» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ሥር ቀረ።

ዛሬ የሚሰቀሉት የታችኛው ፎቅ ሐይቆች ስለነበሩ ሚጣን ይዞ መሄድ አላስፈራትም። የወንበሯ ግልባጮች ገና በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚደርሱት።

አውቶቡሱ ውስጥ ሚጣ ከደስታዋ ብዛት መቀመጫ አግኝታም ቆማ መሄድ ፈለገች። «አብረውሽ የተማሩት ሁሉ አሁን የት ናቸው?» ብላ ጠየቀቻት። ፕሮፌሰሯ የወንድሟን አደራ አስታውሳ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት። አንዱ ሙዚየም ገብቶ ሸክላ ላይ ቁጥር ይለጥፋል፤ ጎብኚ ስለማይመጣበት ተመችቶታል፣ ወፍሯል። አንዷ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ናት፤ ቤታቸው የተቃጠለ ሰዎች ሁሉ ያልነበራቸውን ሥዕል ነበረን እያሉ ያስቸግሯታል። አንዱ ትምህርት ቤት ሥዕል ሊያስተምር ተቀጥሮ ስፖርትም ተጨመረለት፤ አሁን ከብሩሹ ይልቅ ፊሽካው ነው ከአንገቱ የማይጠፋው። አንዷ ደግሞ ያረጁ የግድግዳ ሥዕሎች ታጸዳለች።

«በምን ታጸዳለች?»

«በጥጥና በምራቅ።»

«አትቀልጂ አክስቴ!»

«እውነቴን ነው። ከሚሸጠው ፈሳሽ ሁሉ የሰው ምራቅ ይሻላል አለችኝ። ቀኑን ሙሉ እንትፍ ስትል ትውላለች።»

ሚጣ ጮክ ብላ ሳቀች፤ ከፊት የተቀመጡ ሰውዬ ዞረው አዩአት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካንቺ ግን የማንም አይበልጥም» አለች። «አንቺ ሰው ተኝቶ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየውን ነገር ትመርጫለሽ።» ፕሮፌሰሯ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት መረጠች። አለማመስገንም ማመስገንም ከበዳት። ያች ልጅ እንዲህ የምትወዳት የሌለችውን ሴት መሆኑን ስታስበው ከሚቀጥለው ፌርማታ ወርዳ ብትመለስ ደስ ባላት።

ሆቴሉ ገና አልተከፈተም። ምንጣፉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ የአሳንሰሩ ወለል በላስቲክ ተሸፍኗል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ጣሪያ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ቀብረው እግራቸው ብቻ መሰላል ላይ ይታያል። የድርጅቱ መኪና ኋላ በር ላይ ቆማ ነበር። ሚስማር የሚመታው ሠራተኛ ሥዕሎቹ የተሸፈኑበትን ብርድ ልብስ ገለጥ ሲያደርግ ሐይቅ የለም። ወንበር ነው። ከሥሩ ወንበር፣ ከዚያ ሥርም ወንበር፤ ሁሉም ላይ ሰማያዊ ሹራብ። «ሐይቆቹስ?» አለች ፕሮፌሰሯ። «ለሐይቆቹ ፍሬም ስላልደረሰላቸው ወንበሮቹ ቀደሙ» አለ ሠራተኛው። «ምን ችግር አለው፣ ያው ሥዕል አይደል!» የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሚጣን ውሃ ግዢ ብላ ልትልካት ቦርሳዋን ስትከፍት፣ ሜትሮ እጁን ዘርግቶ ከወዲያ መጣ።

ሜትሮ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንግዳ ሲያይ ደግሞ ይበልጥ ደግ ይሆናል። የወንድሜ ልጅ ናት ስትለው ልጅቷን በሁለት እጁ ጨበጣት፤ ያጠናሁትን ልታጠና ታስባለች ስትለው ደግሞ አንዱን ሥዕል አንሥቶ ከሚጣ ፊት ያዘው። «አየሽ ይሄን? ይሄ የአክስትሽ ዓይን ነው። ሌላ ሰው ሥዕል ልቀይር ሲል ይገድለዋል፤ እሷ ግን ምኑ ቢነካ እንደማይሞት ታውቃለች። ቀይ ነበር፣ ከምንጣፉ ጋር እንዲሄድ ሰማያዊ አደረገችው። ፀሐይዋን ከግራ ወደ ቀኝ አዞረች። የአበባ ማሰሮ ጨመረች። ሦስት! አለቀ፣ የኛ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት ይሄን ነው። ተማሪና ነይ፣ ቦታ አለሽ!» ሜትሩን ሳበው፣ ለቀቀውና ወደ አሳንሰሩ ሄደ።

ሚጣ ሥዕሉን ይዛ ቀረች። መጀመሪያ ፈገግ ልትል ነበር፤ የሚያውቁትን ሰው ያልጠበቁት ቦታ ሲያገኙት እንደሚደረገው። ከዚያ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ትርጉሙ ጠፋባት። «ጋሽ ቀዩ» አለች፣ ለአክስቷ ሳይሆን ለሥዕሉ። «ሰማያዊ ሆኗል።» ፕሮፌሰሯ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሠራተኛው ከፍታ ለክተሽ ስጪኝ ብሎ ጠራትና ዳነች፣ መዳን ከተባለ። ከዚያ በኋላ ሚጣ አልጠየቀችም። ሥዕሎቹን ተሸክማ ከክፍል ክፍል ታደርሳለች፣ እያንዳንዱን ከአልጋው ራስጌ በላይ ሲሰቀል በሩ ላይ ቆማ ታያለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ፕሮፌሰሯ በውሃ ልክ ሥዕሎቹን ታቃና ነበር። ብትሰድባት በወደደች። ሌባ ብትላት፣ ሥዕሉን ወለል ላይ ብታፈርጠው፣ ይሄን ያህል አትጨነቅም ነበር። ከሠራተኞች መወጣጫ ደረጃ አጠገብ ያለውን የመጨረሻ ክፍል ሲጨርሱ ሠራተኛው ራቅ ብሎ አየና «አቤት ማማሩ!» አለ፤ እውነትም ለምንጣፉ ልክክ ያለ ነበር።

ምሳቸውን እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጠው በሉ፤ ዳቦና ሙዝ። ሙዙን ልጣ ግማሹን ለሚጣ ስትሰጣት ልጅቷ ተቀበለች እንጂ አልበላችም።

«ፍሬሙ ላልቶ ነው ብለሽኝ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ጀርባው ላይ አዲስ ወረቀት አይቼ፣ እንዴት በደንብ ጠገኑት ብዬ ነበር።» ሚጣ ሙዙን አገላበጠችው። ከታች የሆነ ሰው የብረት ቱቦ ይቆርጣል፤ ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «ፀሐዩን ለምን አዞርሽው?»

«ደንብ ነው። ሦስት ነገር…»

«እሱንማ ሰማሁ። ግን እኮ ግድግዳው ያለው በቀኝ ነው። ፀሐዩ በቀኝ ከመጣ ከግድግዳው ጀርባ ሆነ ማለት ነው። ሹራቡ ጥላ ውስጥ ነው ያለው፤ ዝም ብለው አብርተው ሣሉት እንጂ ፀሐይ አይደርሰውም።» ቀና ብላ አክስቷን አየቻት። «መቼም አይደርቅም አክስቴ።»

ፕሮፌሰሯ ግድግዳውን አላየችውም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሥዕሏ አጠገብ ተኝታ፣ ገጽ በገጽ ጽፋባት፣ ምኗ ቢነካ እንደማትሞት አውቃለሁ ብላ፣ ፀሐይዋን ወስዳ ግድግዳ ጀርባ ቀበረቻት። አንድም ሰው አልነገራትም፤ ሜትሮም፣ ገልባጮቹም፣ የሆቴሉ ባለቤትም። ይህች ልጅ በር ላይ ቆማ አየችው። ዓይን አላት አለች በሆዷ። ኩራቱና ሐፍረቱ አንድ ላይ መጡባት፤ የቱ እንደሚያንቃት አላወቀችም። የሚጣ አባት ለዚህ ነበር የላካት? እንድታስጥላት ተልካ ልጅቷ ዓይን እንዳላት አረጋግጣ ልትመለስ ነው።

«ሠዓሊዋ ታውቃለች?» አለች ሚጣ።

«አታውቅም።»

«ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ» አለች ፕሮፌሰሯ። ያን ቃል ያወጣችው ጥያቄው እንዲያልቅላት ነው፤ ልጅ ሲያለቅስ አባብለው እንደሚሉት ዓይነት ዛሬ ነበር። ሚጣ ግን የዋህ ናት፣ አመነቻት። ፊቷ ወዲያው ተፈታ፤ ሙዙን በሁለት ጉርሻ ጨረሰችና ስልኳን አወጣች። «እንደዚያ ከሆነ ልሙላው። ቅድም ትቼው ነበር፤ ሒሳብ አያያዝ ልል ነበር። ሰው ይሄን ሁሉ ተምሮ እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ ብዬ። ከነገርሻት ግን…» ጣቷ ስልኩ ላይ ሮጠ። ፕሮፌሰሯ «ቆይ» ልትል ፈለገች። ቆይ፣ በእኔ አትተማመኚ፣ ቃሌን ለመገላገል ብዬ ነው የሰጠሁሽ ልትል። ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ግን እዚያው ደረጃ ላይ ሲነቅዝ ታወቃት። «ተላከ!» አለች ሚጣ። የመረጠችውም የሥነ ጥበብ ታሪክ ነው።

እራት ላይ ወንድሟ ቶሎ አልጠየቀም። እጁን ታጠበ፣ ዳቦ ቆረሰ፣ ሾርባውን ሁለቴ ቀመሰ፣ ስለ አንድ ተማሪው አወራ፤ ሴትየዋ ወደ ኋላ ስትነዳ ዓይኗን ትጨፍናለች አለ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ «እሺ፣ እንዴት ዋላችሁ?» አለ፤ የሚያየው ሚጣን ነው፣ የሚጠይቀው እህቱን።

«መዘገብኩ አባዬ» አለች ሚጣ። «የአክስቴን።»

ማንኪያው ሳህኑ ላይ ቆመ። ሚስቱ ዓይኗን ወደ ሾርባዋ ጣለች። ወንድሟ ልጁን አልተቆጣም፤ ወደ እህቱ ዞረና ለረጅም ጊዜ አያት። «እንዳለ አሳያት ነበር ያልኩሽ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «አስጥያት እንኳ አላልኩሽም። እንዳለ። ምን አሳየሻት?» ፕሮፌሰሯ የፈራችው ቁጣውን ነበር፤ ይሄ ግን ልመና ይመስል ነበር። ለእሷ ብሎ ሥራ የዋለባቸውን እሑዶች አሰበች። አሁን ደግሞ ልጁን እንዳትወስድበት የሚለምናት ሰውዬ መሰለ፤ አንጀቷን በላት። ሥዕሎቹን አሳየኋት ብትል ውሸት አይሆንም። ደግሞም እውነት አይሆንም።

ሚጣ ተነሥታ የአክስቷን ስልክ ከቻርጀሩ ላይ ነቅላ አመጣችና ከሳህኗ አጠገብ አስቀመጠችው። «ደውዪላት።»

«ነገ እደውላለሁ፤ አሮጊት ናት፣ ተኝታ ይሆናል።»

«ገና አልመሸም። ዛሬ ብለሽኛል።»

«ማናት? ምን ጉድ ነው?» አለ ወንድሟ። የመለሰለት የለም። ፕሮፌሰሯ ስልኩን አነሣች። ቁጥሩን አልሰረዘችውም ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ከአንድ ስልክ ወደ አንድ ስልክ ስታሻግረው ኖራለች፣ አንድም ቀን ሳትደውልለት። ደወለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው፤ ሚጣ ድምፁን ወደ ውጭ አደረገችላት። ብዙ ጠራ። አታንሺው፣ አታንሺው አለች በሆዷ። ተነሣ።

«አቤት? ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ እትዬ… ተማሪዋ። በርስዎ ሥዕሎች ላይ የጻፍኩት።»

«ልጄ!» አለ ስልኩ፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሰማ። «አንቺ ልጅ! አለሽ? እኔማ አላማሁሽም፣ ሥራ ይበዛባታል እንጂ አትረሳኝም እላለሁ ሁሌ። ወንበሯ አለች? ደኅና ናት?»

«አለች። ደኅና ናት። እትዬ… ሥዕልዎ ሆቴል ውስጥ ተሰቅሏል።»

እንዲህ ልትጀምር አልፈለገችም ነበር፤ ከሁሉ ቀላሉ ጫፍ ቀደማት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በወዲያኛው በኩል ትንፋሽ ተሰማ፣ ከዚያ ስልኩ ከጆሮ ራቅ ብሎ የአሮጊቷ ድምፅ «እህቴ! እህቴ ነይማ! ሥዕሌ ሆቴል ተሰቀለ!» ሲል ተሰማ። የወንበር መንፏቀቅ፣ የሌላ አሮጊት ድምፅ፣ «የትኛዋ? የትኛዋ ነች?»። ተመልሳ መጣች፤ እያለቀሰች ነበር። «ሰው ያየዋል በያ! ነገ ብመጣ ያስገቡኛል? በሩ ላይ ማን ነኝ ልበላቸው? ጫማዬ እንኳ… ግድ የለም፣ የእህቴን አደርጋለሁ። ብቻዬን አላየውም፣ አንቺ አብረሽኝ ትቆሚያለሽ፤ አይደል ልጄ?»

ፕሮፌሰሯ ቀና ስትል ወንድሟ ስልኩን ሳይሆን እሷን ያይ ነበር። ምኑንም አልነገሩት፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፊት አይቶ አደጋ የሚያውቅ ሰው ነውና ገብቶታል። በጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ጭምቅ አድርጎ ይዞታል። ተዪው ይላታል እግሩ፤ እንጀራሽ ነው፣ ደስ ይበላት፣ ሌላ ቀን። ቁሚ። ሚጣ ከማዶ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ፕሮፌሰሯ ብትቆም ማንም አይወቅሳትም ነበር፤ ከዚያች ልጅ በቀር።

«እትዬ፣ ነገ አይምጡ» አለች። «የርስዎ አይደለም። የሰጡኝን ወስጄ አስገለበጥኩት። ቀዩን ሰማያዊ አደረግሁት፣ ፀሐዩን አዞርኩት፣ ብዙ ቦታ ተሰቀለ። ስምዎ የለበትም። አላስፈቀድኩዎትም። እኔ ነኝ ያደረግሁት፤ ማንም አላስገደደኝም።»

ስልኩ አልተዘጋም፤ የቤታቸው ድምፅ ይሰማል፣ እህትየዋ ከኋላ «ምን አለችሽ? ነገ ነው?» ትላለች። የወንድሟ ሚስት ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ክዳን ልታደርግ ተነሥታ መሐል ላይ ቆመች። ወንድሟ እግሩን ከወለሉ አነሣ። ብዙ ቆይቶ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ ጨዋ፣ ቅድም ስልኩን ስታነሣ የነበረው ድምፅ።

«ይቅርታ፣ ማን ነኝ አልሽኝ?»

ፕሮፌሰሯ ሚጣን አየቻት። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለችና ከመጀመሪያው ጀምራ እንደ አዲስ ነገረቻት።